ፀሐይ አባቴን እንዳትወስደው

ሰባት ዓመቴ እያለ ፀሐይ አባቴን ልትወስድብን እንደምትፈልግ አውቅ ነበር። ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረኝም። አያቴ፣ የአባቴ እናት፣ ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ አፏን የሚያቀላውን ቅጠሏን እያላመጠች እናቴን ስትወርፋት ነው የሰማሁት።

«አንቺ ሉዋ፣ እስቲ ፊትሽን በመስታወት እዪው! የድስት ቂጥ መስለሻል እኮ! በዚህ ዓይነት ፀሐይዋ ባልሽን ከቤት ታስወጣዋለች። ኋላ አልተነገረኝም እንዳትዪ።»

«እማማ፣ ወይን የሚገረዘው በፀሐይ ነው። በጨረቃ ልግረዘው?» ትላለች እናቴ።

«በጨረቃም ቢሆን ተሸፋፈኚ!»

ለኔ ይሄ በቂ ነበር። አባቴ ካይ የጨው መኪና ሹፌር ነው። ምሳውን ቤት መብላት ከተወ ቆይቷል፤ ማታም እየቆየ ይቀራል። እናቴ ሰሃኑን ከድና ስትጠብቅ፣ ከዚያ ምግቡን ለአያቴ ስትሰጥ አያለሁ። ጥፋተኛዋ ደግሞ ጣሪያችን ላይ ቁጭ ብላለች። የከተማችንን የፋን ራንግን ፀሐይ የማያውቅ ሰው ይስቅብኝ ይሆናል። እኛ ጋ ዝናብ እንግዳ ነው፤ ፀሐይዋ ግን ባለቤት ናት። ቀትር ላይ በጎቹ እንኳ አንዱ በሌላው ሆድ ስር ጭንቅላቱን ይሸጉጣል። እንዲህ ያለች ፀሐይ አንድ ሹፌር መውሰድ ያቅታታል?

ዛሬ አያቴ ምን ማለቷ እንደነበር ይገባኛል፤ «ከጠቆርሽ ሌላ ያያል» ነው ነገሩ። ያኔ ግን ቃሏን እንዳለ ተቀበልኩና ቤታችንን ከፀሐይ ለመጠበቅ ታጥቄ ተነሳሁ።

መስኮቱን እዘጋለሁ። በቀዳዳ ሾልኮ ወለሉ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን በመጥረጊያ አባርራለሁ፤ እሱም ፈቀቅ ይላል፤ እኔም እከተለዋለሁ። አንድ ቀን አባቴ ከምሳ በኋላ (ያን ዕለት እንደ ተአምር ቤት ነበር የበላው) ጋደም እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው። አያቴ ለእናቴ ፊት የምታዘጋጀውን እርድ በሩዝ እጣቢ አመጣሁና ከግንባሩ እስከ አንገቱ ለቀለቅኩት። ፀሐይ ልትወስደው ብትመጣ እንኳ መልኩን አትለየውም ብዬ ነው። ቀና ብሎ በመስታወት ሳያይ ሞተር ሳይክሉን አስነስቶ ወደ ሥራ ሄደ። እንደ ማንጎ ቢጫ ሆኖ! ሲመለስ ጮኸብኝ፣ እናቴ በሳቅ ፍርስ አለች። ያን ዕለት ቢጫ ፊቱን ይዞ በመጀመሪያ የሄደው ወዴት እንደነበር አሁን ሳውቅ፣ ያችኛዋ ሴት ምን ብላው ይሆን እያልኩ እስቃለሁ።

እናቴ ከቤት ስትወጣ ትጠፋለች። ሴትዮዋ ትቀርና ጨርቅ ብቻ ይሄዳል። ኮፍያ ያለው የፀሐይ ጃኬት እስከ ጣቷ ድረስ ይወርዳል፣ ወገቧ ላይ መጋረጃ የሚያክል ሽርጥ ይታሰራል፣ ማስኩ ሁለት ድርብ ነው፣ መነጽሩ ጥቁር ነው። እግሯ ላይ ደግሞ አውራ ጣቱ ለብቻው የተሰነጠቀ ካልሲ አለ፤ ነጠላ ጫማ እንዲያስገባ። ከተማው በሙሉ እንዲህ ነው። ባንክ ቤት ሊዘርፍ የመጣ የሚመስል ሁሉ ጎመን ሊገዛ የመጣ ነው።

አንድ ቀን አባቴ ከሳይጎን ሲመለስ ለእናቴና ለኔ ስጦታ ይዞ መጣ፤ ሰማያዊ የፀሐይ ጃኬት ነጫጭ አበባ ያለበት፣ ለእናቴ ትልቅ፣ ለኔ ትንሽ፣ ማስኩም አበባው ያው። እናቴ የዚያን ቀን እራት ስትሠራ ጃኬቱን አላወለቀችም። ላብ እያጠመቃት ምድጃው ፊት ቆማ ትዘፍናለች።

«አየሽ?» አለች አያቴ። «ቆዳሽን ትጠብቂያለሽ፣ ባልሽም ያስብልሻል። እኔ መች ዋሽቼሽ አውቃለሁ?»

እኔም አሸነፍን ብዬ ተኛሁ።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ነው ጉዱ የመጣው። ትምህርት ቤታችን ቀትር ሊሆን ሲል ይለቃል። በሩ ላይ ሞተር ሳይክል በሞተር ሳይክል ላይ ተደራርቦ፣ የተሸፋፈኑ እናቶች ጡሩምባ እየነፉ፣ «ነይ!» «ቶሎ በል!» «ተቃጠልን እኮ!» እየተባባሉ ይጯጯሃሉ። እኛ ልጆችም እንደነሱ ተሸፋፍነናል። እናት ልጇን በጃኬት ታውቃለች፣ ልጅም እናቱን በጃኬት ያውቃል። ፊት የሚያስፈልግ ነገር አልነበረም።

ሰማያዊውን ነጭ አበባ አየሁ። ሞተሩም እንደ እናቴ ሞተር ቀይ ነው። ሮጥኩ።

«ነይ ውጪ!» አለችኝ፤ ወጣሁ፣ ወገቧን አቀፍኩ፣ ሄድን።

በሁለት ድርብ ማስክ ውስጥ የሁሉም እናት ድምፅ አንድ ነው፤ ከጋን ውስጥ እንደሚወጣ ድምፅ ነው።

«ትምህርት እንዴት ነበር?»

«ጥሩ።»

«ደብተርሽን ረሳሽ?»

«አልረሳሁም።»

ንፋሱ የቀረውን ወሰደው። መንገዱ ሌላ እንደሆነ አይቻለሁ፣ ዕውር አልነበርኩም። ግን እናቴ ሁሌም በጥላ በኩል ነው የምትነዳው፤ ለአንዲት ዛፍ ብላ ሁለት ሰፈር የምትዞር ሴት ናት። ወደ ባሕሩ ስንታጠፍ «ዛሬ ጥሩ ጥላ እንዳለ ሰምታ ይሆናል» ብዬ ዝም አልኩ። ጥላው ግን ሊመጣ ነው? ይባስ ብሎ ጨው ሜዳው ላይ ወጣን። ግራ ቀኙ ነጭ ነው፤ ዓይን አያስገልጥም። በመጨረሻ የቆርቆሮ ጣሪያ ያላት ቤት ደጃፍ ቆምን፤ በሩን ከፍታ አስገባችኝ።

ውስጥ አባቴ ምሳ እየበላ ነው።

በካናቴራ ነው፣ እግሩን አጣጥፎ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል፣ ፊቱ በሸክላ ድስት የተሠራ ዓሳ አለ። ደስታዬን ምን ልበላችሁ! ለካስ እናቴ አባቴ ጋ ምሳ ልታበላኝ ነው ያመጣችኝ!

«አባዬ!» ብዬ ጮህኩ።

አባቴ ትን አለው። ከኋላዬ ያለችው ሴት ግን በቀስታ፣ ደስ ባለው ድምፅ፣ «ስዋን፣ የኔ ቆንጆ፣ አባዬ ማለት ጀመርሽ?» አለች። ከዚያ ተንበርክካ ኮፍያዬን ገለጠች፣ ማስኬን አወረደች፣ ጮኸች።

እኔም ጮህኩ። አባቴ መጮህ አልቻለም፤ አጥንት ተሰንቅሮበታል።

«ማነሽ አንቺ?»

«አክስቴ፣ አንቺስ ማነሽ? እናቴን ምን አደረግሻት?» አልኳት፤ እኛ ጋ የማናውቃትንም ሴት «አክስቴ» ነው የምንለው።

ሴትዮዋ መነጽሯን፣ ማስኳን፣ ኮፍያዋን አንድ በአንድ አወለቀች። እያንዳንዱ ሲነሳ እናቴ ትወጣለች ብዬ እጠብቃለሁ፤ አልወጣችም። ስሟ ታም ነው፤ ይሄንን ኋላ ነው ያወቅኩት። ያን ሰዓት ያየሁት ጥቁረቷን ብቻ ነው። እንደዚያ የጠቆረ ፊት አይቼ አላውቅም፤ ደግሞ ከአገጯ ስር ጀምሮ ወደ ላይ ነው የጠቆረችው። ጨው ሜዳ ላይ ለሚሠራ ሰው ፀሐይ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከታችም ትመጣለች፤ ከነጩ ጨው ነጥራ በኮፍያና በማስክ ስር ትገባለች። ይሄን አሁን አውቃለሁ። ያኔ ግን ይቺ ሴት ከፀሐይ ጋር በገጠመችው ጦርነት ተሸንፋለች አልኩ።

«አክስቴ፣ እርድ በሩዝ እጣቢ ለውሰሽ ተቀቢ» አልኳት እየተቻኮልኩ። «ካለዚያ ባልሽን ትወስድብሻለች።»

«ማን?»

«ፀሐይዋ ናታ!»

ታም አባቴን አየችው፣ እኔን አየችኝ። «የኔን ባል እንኳ የወሰደው ባሕር ነው» አለች።

ባሕርም ይወስዳል ማለት ነው። ይሄን አላሰብኩትም ነበር። በሁለት በኩል መከበባችን አስደነገጠኝ።

አባቴ አጥንቱን በሩዝ አወራረደና ድምፁ ተመለሰ። «ኩየን፣ እኔ... አንቺን ልወስድሽ ነው የመጣሁት።»

«መጥፋቴን በምን አወቅክ?»

«አባት ያውቃል።»

«ከመጥፋቴ በፊት?»

«በተለይ ከመጥፋትሽ በፊት!»

ኩራት አንቀጠቀጠኝ። እንዲህ ያለ አባት ማን አለው? ልጄ ትጠፋለች ብሎ አስቀድሞ ደርሶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ እስክመጣ ዓሳ እየበላ የሚጠብቅ!

ሞባይሉ ጠራ። ያየው ስም የእናቴ ነው። አነሳና ሰላም እንኳ ሳይል «አትደንግጪ፣ አግኝቻታለሁ!» አለ።

የእናቴ ድምፅ ከስልኩ አልፎ ቤቱን ሞላው። «ማንን?»

«ኩየንን!»

«መጥፋቷን ማን ነገረህ? እኔ እኮ ገና አሁን ማስኳን ብገልጥ የሌላ ሰው ልጅ ሆና አግኝቻት ነው የደወልኩት!»

አባቴ ክው አለ። «ሰው... ሰው ነገረኝ። እመጣለሁ» ብሎ ዘጋ።

ታም ጃኬቷን አውልቃ ጭኗ ላይ ዘርግታ ነበር። የኔን ጃኬት እጅጌ ሳብ አደረገችና ከራሷ ጋር አስተያየችው። አበባው ያው ነው፣ ሰማያዊው ያው ነው።

«ካይ» አለች፣ ድምፅዋን ሳትጨምር። «ሳይጎንን የሚያህል ከተማ ሄደህ ሌላ አበባ አጣህ?»

አባቴ ሸሚዙን እየፈለገ ነበር።

«ልጄን አምጣልኝ» አለችው። «ከዚያ በኋላ ይሄን በር እንዳላይህ።»

በልጅነት ጭንቅላቴ፣ አባቴ የአበባ ምርጫ ስለማይችል ተቆጣችው ብዬ ተረዳሁ። ትንሽ አዘንኩለት። ስዋን ዛሬም ድረስ ጓደኛዬ ናት፤ እናቷ የዚያን ዕለት ማታ የተረፈውን ዓሳ ለድመት እንደሰጠች፣ አባቴ ደግሞ በማግስቱ ሲመጣ በሩን እንዳልከፈተችለት የነገረችኝ እሷ ናት።

አባቴ በሞተሩ ይዞኝ ሲመለስ መክሮኛል። «ኩየንዬ፣ ነዳጅ ማደያው ጋ አገኘኝ ትያለሽ። እሺ?»

«ለምን?»

«እናትሽ እንዳትደነግጥ።»

«እሺ» አልኩ። እናቴ እንድትደነግጥ አልፈልግም።

ቤት ስንደርስ አንዲት በእኔ ቁመት ያለች፣ የኔን ጃኬት የለበሰች ልጅ አያቴ ጭን ስር ተቀምጣ የተጠበሰ ሙዝ ትበላለች። አያቴ ታራግብላታለች። እናቴ ከነጓንቷ መሃል ወለል ላይ ቆማለች፤ ጓንቱን ማውለቅ ረስታዋለች። አባቴ ሲገባ ልጅቷ ቀና አለች።

«አጎቴ ካይ! ዛሬ ምሳህን በአንዴ ጨረስክ?»

 አያቴ ማላመጥ አቆመች።

የማዳን ተራው የኔ እንደሆነ ገባኝ። «ነዳጅ ማደያው ጋ ነው ያገኘኝ!» አልኩ ጮክ ብዬ። ሁሉም የሚያዩት አባቴን ነው። ያላመኑኝ መሰለኝና አጠናከርኩት። «ዓሳውንም እዚያው ነው የበላው! ካናቴራውን ለብሶ!»

አባቴ ዓይኑን ጨፈነ።

እናቴ ወደኔ መጣችና ፊቴ ላይ ቁልቁል አለች። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላዋለች፤ ዓይኖቿ ቀልተዋል። «ኩየን፣ እዚያ ያለችው ሴት ምን ትመስላለች?»

ፈርታለች። እናቴን እንደዚያ ፈርታ አይቻት አላውቅም፤ የምትፈራውን ደግሞ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ስለዚህ አንገቷን አቅፌ፣ ሊያጽናናት የሚችለውን እውነት ሁሉ ነገርኳት።

«አይዞሽ እማ! አንቺ ትበልጫታለሽ። እሷን ፀሐይዋ ጨርሳታለች። ጥቁር ናት!»

«ከኔ ትጠቁራለች?»

«በጣም! አገጯ ስር ሳይቀር!»

እናቴ ጓንት ያጠለቁ እጆቿን አየች። ሽርጡን አየች፣ ካልሲውን አየች። ልታለቅስ ነው ስል ሳቅ አመለጣት። ሳቋ ሊቆም አልቻለም፤ ግድግዳ ይዛ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ጓንቱን በጥርሷ እየጎተተች ትስቃለች። ስዋን ነገሩ ጥሩ ነው ብላ አብራት ሳቀች።

አያቴ ግን አልሳቀችም። ቀስ ብላ ተነሳች። «ጥቁር?» አለች ልጇን።

«እማዬ...»

«ይቺን ምስኪን ስንት ዓመት ሙሉ እርድ ስለቀልቅ፣ ኪያር ፊቷ ላይ ስደረድር፣ ወጥ ስትሠራ እንኳ ስሸፋፍናት ኖሬ፣ አንተ ጨው ሜዳ ሄደህ ከዚህች የባሰ የጠቆረች ትይዛለህ?» ማራገቢያውን አነሳችና ጀርባው ላይ አሳረፈችው። «እኔን ነው ውሸታም ያደረግከኝ! እኔን! በእርጅናዬ!»

አባቴ በረንዳውን አልፎ እስኪወጣ በማራገቢያው ተከተለችው። እኔ ደግሞ ፀሐይ ገብታበት ስለሆነ እያስወጣችለት ነው ብዬ አመንኩ፤ ጎረቤት ሰውዬ ሲያብድ እንዲሁ ሲደረግለት አይቻለሁና። እናቴ ስዋንን በሞተሯ ይዛ ወደ እናቷ መለሰቻት። ሁለቱ ሴቶች በር ላይ ምን እንደተባባሉ ስዋንም አልሰማችም። ብዙ ቆሙ፣ ከዚያ ታም ውኃ ሰጠቻት፣ እናቴ ጠጣች። ያየችው ይህን ብቻ ነው።

የማግስቱን ቀትር ከመተረኬ በፊት አንድ ነገር ላስገባ፤ ካለዚያ እናቴ ሲነበብላት ትቆጣኛለች። እናቴ ዛሬም ትሸፋፈናለች። ከዚያ ቀትር በኋላ አፍንጫዋ ተልጦ፣ ክንዷ ውኃ ቋጥሮ፣ ሳምንት ሙሉ ስታቃስት ከርማ፣ ምንም አበባ የሌለበት ግራጫ ጃኬት ራሷ ገዛች። የቆዳ ሐኪሙ የሰጣትን ቅባት ጠዋት ጠዋት አንገቷ ድረስ ትቀባለች። ጉንጯ ላይ ማድያት አለ፤ ምን ታደርጊዋለሽ ስላት «ቆዳው የኔ ነው፣ እኔ እጠብቀዋለሁ። ሌላ ሰው እንዲጠብቅልኝ ብዬ አይደለም» ትላለች። እኔም ያለ ጃኬት ወጥቼ አላውቅም። ፀሐይዋ እኮ ምንም አላጠፋችም፤ ስሟ ነው የጠፋው።

ያን ቀን ግን፣ በማግስቱ ማለቴ ነው፣ ትምህርት ቤት ሲለቅ በሩ ላይ ቆሜ ሰማያዊውን ጃኬት ስፈልግ ቆየሁ። ሞተሮቹ አንድ በአንድ ይሄዳሉ። አንዲት ሴት ብቻ ጥግ ላይ ቆማለች፤ እናቶቹ ሁሉ ሲያልፉ ጥቁር መነጽራቸውን ወደሷ አዙረው ያፈጣሉ። ቀትር ላይ፣ በፋን ራንግ ቀትር፣ ፊቷ ራቁቱን ነው። ክንዷም ራቁቱን ነው። አበደች ብለው ሲንሾካሾኩ ሰማሁ።

«ኩየን!» አለች ሴትዮዋ። «ነይ ውጪ!»

ትናንት ከማላውቃት ሴት ኋላ ወጥቼ ስንት ጉድ አይቻለሁ። ዛሬ አልደግመውም አልኩ። «ይቅርታ አክስቴ፣ እናቴን እየጠበቅኩ ነው» አልኳት፣ በትህትና።

 ሴትዮዋ ከሞተሯ ወርዳ መጣችና ፊቴ ላይ ቁልቁል አለች። «እኔ ነኝ» አለች። «እዪኝ።»

አየኋት። በአምፖል ስር፣ በወጥ ቤት ጥላ ውስጥ የማውቀው ፊት ነበር፤ በቀን ብርሃን፣ በአደባባይ ግን አይቼው አላውቅም። ዓይኗ ዙሪያ የመነጽሩ ክብ አለ። ከንፈሯ ላይ ላብ አለ፣ ቅንድቧ ላይ አንድ ያልነበረ የሚመስል ጠባሳ አለ። ቆንጆ ነበረች፤ እናቴ ቆንጆ እንደሆነች ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

«አያቴስ?» አልኩ።

«ቤት ናት። ምሳ እየሠራች ነው። ከኛ ተለይቼ አልሄድም ብላለች።»

«አባዬስ?»

«ሄዷል።»

ቀና ብዬ ፀሐይዋ ላይ አፈጠጥኩ፤ ዓይኔ አለቀሰ። ያን ሁሉ ጠብቀን፣ ያን ሁሉ ተሸፋፍነን! «ወሰደችው?» አልኩ።

እናቴ በመዳፏ ዓይኔ ላይ ጥላ ሠራችልኝ።

«አይ ኩየንዬ» አለች። «በሞተሩ ነው የሄደው። ራሱ እየነዳ።»